ላይብረሪ ያልገባውንም ሰው ጠይቁት

ግንቦት ሲገባ እዚህ ቱሉ ዲምቱ የምሰራበት ንባብ ክፍል ውስጥ ከአንባቢው ሌላ እንግዳ ይበዛል፣ መጠይቅ የያዙ ተመራቂዎች። ከዩኒቨርሲቲም ከግል ኮሌጅም ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ለማስተርሱ ነው አንዳንዱ ለመጀመሪያ ዲግሪው፣ ርዕሱ ግን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፣ «የቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚዎች እርካታ» ወይ ደግሞ «የተጠቃሚዎች የመረጃ ፍላጎትና አጠቃቀም»። ወረቀቱን ወንበር ላይ ላለው ልጅ ሁሉ ያድላሉ፣ ልጁም የፊዚክስ ጥያቄውን አቁሞ ቶሎ ቶሎ ራይት ያደርግና ይመልስላቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሰብስበው ይሄዳሉ። እኔም ያለፍኩት በዚሁ የላይብረሪና የመረጃ ትምህርት ነው፣ ስለ አንባቢ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል፣ ሻይ ሁሉ አስመጣላቸዋለሁ። ግን ቁጭ ብለን ልናወራበት የምፈልገው ነገር አለ፣ ሁሌ ስለሚቸኩሉ አይመችም፣ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ ምንድነው፣ መጠይቁ የሚደርሰው ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። ያልገባውስ? በር ድረስ መጥቶ የተመለሰውስ? ከኛ ክፍል ጀርባ ስንትና ስንት ብሎክ ኮንዶሚኒየም አለ፣ እናቶች አሉ፣ የቀን ሰራተኞች አሉ፣ ጥበቃዎች አሉ፣ ከገላን በኩል ወተትና አትክልት ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች አሉ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር አለ፣ በኛ አገር ጥናት ውስጥ ግን «ተጠቃሚ» ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ናሙናውን፣ ማለትም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባቸው፣ በያማኔ ፎርሙላ በደንብ ያሰሉታል፣ 2000 የተመዘገበ አንባቢ ካለ በ5 ፐርሰንት የስህተት ህዳግ 333 ይመጣል፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ፎርሙላው የሚሰራው ዝርዝር ውስጥ ባሉት ሰዎች ላይ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባን ሰው በምንም ሂሳብ አያመጣውም። ከዛ መደምደሚያው ላይ «አብዛኛው ተጠቃሚ በአገልግሎቱ ረክቷል» ተብሎ ይጻፋል። ያልረካውማ መቼ መጣ፣ ቤቱ ነው ያለው።

ገብተው የተቀመጡትም ቢሆኑ ያልተጠየቁት ነገር አለ። «የቤተ መጻሕፍቱ ስብስብ ለፍላጎቴ በቂ ነው» የሚለው ጋ ልጆቹ «እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ እኔ ደሞ ከዴስኩ ሆኜ ሳያቸው አብዛኞቹ መጽሐፍ ጠይቀውኝ አያውቁም። የያዙት የራሳቸውን ደብተር ነው፣ ወይ ከቴሌግራም ቻናል ያወረዱት ፒዲኤፍ ስልካቸው ላይ ተከፍቶ ነው፣ ወይ ጓደኛቸው ፎቶ ያነሳላቸው የሌላ ትምህርት ቤት ወርክሺት ነው። የሚመጡት ለወንበሩ ነው፣ ለጠረጴዛው፣ ለመብራቱ፣ ለጸጥታው። ስቱዲዮ ወይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለአምስት ለስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ፣ ማታ ቲቪ ተከፍቶ ትንንሾቹ እየተንጫጩ ማትሪክ ልዘጋጅ ቢል አይችልም፣ ስለዚህ እኛ ጋ የሚመጣበት ምክንያት ቦታ ፍለጋ ነው። ይሄን መጠይቁ ላይ ስለማይጠየቅ ማንም አያውቀውም፣ በጀት ሲመጣ መጽሐፍ ይገዛል፣ መጽሐፍ መግዛቱን አልቃወምም፣ ግን ልጆቹ ቆመው ወንበር እየጠበቁ ነው።

ይሄ ችግር የኛ ብቻ ሆኖ አይደለም፣ ሙያው ራሱ በዚህ መንገድ ነው ያደገው። በ1948 (ይሄና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ለንደን ላይ ሮያል ሶሳይቲ የሳይንስ መረጃ ጉባኤ አዘጋጅቶ ነበር፣ ብዙ ሰው የተጠቃሚ ጥናትን ታሪክ ከዛ ይጀምራል። ሳይንቲስቱ በርናል የሙያ ባልደረቦቹ የሚያነቡትን በመጠይቅ ጠየቀ፣ የላይብረሪ ባለሙያው ኧርኳርት ደግሞ ከሳይንስ ሙዚየም ላይብረሪ በውሰት በሚወጡት ህትመቶች ላይ ወረቀት እያስገባ ተበዳሪው ይሄን ከየት ሰማህ ለምን ፈለግከው ብሎ ጠየቀ። በዓመቱ 1949 አሜሪካ ውስጥ በርናርድ ቤረልሰን የሕዝብ ላይብረሪን ማን ይጠቀማል የሚለውን አጥንቶ አሳተመ፣ ያገኘውም አዘውትሮ የሚጠቀመው ከአዋቂው ሕዝብ ትንሹ ክፍል እንደሆነና የትምህርት ደረጃ ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣ ነው። አስቡት፣ ያኔ እንኳን የማይጠቀመው ሰው ተቆጥሯል።

ከዛ በኋላ ለረዥም ጊዜ ጥያቄው ስለ ሲስተሙ ሆነ፣ ካታሎጉ ይሰራል ወይ፣ መጽሐፉ ወጥቷል ወይ፣ ስንት ጊዜ ተዋሰ። ይሄም ጥቅም አለው፣ በ1979 የወጣው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከተገዙት መጽሐፍት ወደ 40 ፐርሰንት የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አንዴም እንዳልተዋሰ ሲያሳይ ላይብረሪያን ሁሉ ደንግጧል። ግን የተዋሰ መጽሐፍ ሰውየውን ምን ረዳው የሚለውን መዝገብ አይነግርህም። በ1986 ብሬንዳ ደርቪንና ማይክል ኒላን የጻፉት የግምገማ ጽሑፍ ነው ብዙ ጊዜ እንደ መታጠፊያ የሚጠቀሰው፣ ከሲስተሙ ተነስተን ሰውየውን ከምናይ ከሰውየው ተነስተን ሲስተሙን እንይ አሉ። ቶም ዊልሰንም እንግሊዝ ውስጥ ከዛ በፊት የማኅበራዊ አገልግሎት ሰራተኞችን ቢሯቸው ድረስ ሄዶ ከጎናቸው ሆኖ ሲመለከት መረጃው የሚዘዋወረው በአብዛኛው በአፍ እንደሆነ አይቷል፣ በ1981 የጻፈው ጽሑፍም እስከዛሬ ይጠቀሳል። እኛ ጋ በ1990 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሳ (የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት) ተከፍቶ ለአፍሪካ አገራት ጭምር የመረጃ ባለሙያ ማሰልጠን ሲጀመር እነዚህ ሀሳቦች ሁሉ ወጥተው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬም ፕሮፖዛል ሁሉ ላይ ባለ አምስት ደረጃ ላይከርት፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚለው መለኪያ፣ ብቻ ማየት ያሳዝነኛል፣ ላይከርት እኮ በ1932 የመጣ ነው፣ አርጅቷል ማለቴ አይደለም፣ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። በ1968 ሮበርት ቴይለር ሰው ጥያቄ ይዞ ዴስክ ጋ ሲመጣ ያ ጥያቄ አራተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ያለ ቃል የሌለው ጭንቀት ነው፣ ቀጥሎ ሰውየው ራሱ በጭንቅላቱ የሚያውቀው ግን የተበታተነ ነገር ይሆናል፣ ከዛ በግልጽ ሊናገረው የሚችለው ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «እዚህ ላይብረሪ ምን ሊኖር ይችላል» ብሎ ገምቶ ያሳጠረው ጥያቄ። እኔ በየቀኑ የማየው ይሄንን ነው። አንዲት ልጅ መጥታ «ቲቸር የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ?» አለችኝ፣ የስንተኛ ክፍል ስላት ዝም፣ ምን ልትሰሪበት ነው ስላት ቆየት ብላ እናቷ ስኳር አለብሽ ተብላ የሰጧት ወረቀት ላይ ያለውን ማወቅ ፈልጋ እንደሆነ ነገረችኝ። መዝገቡ ላይ ብትታይ «ባዮሎጂ፣ አንድ ኮፒ» ነው የምትባለው። መጠይቁ ላይም ብትሞላ «የመጣሁበት ዓላማ፦ ለትምህርት» ላይ ነበር ምልክት የምታደርገው። እንደዚህ ያለውን ነገር በጥናት ለማውጣት የግድ ሰው ጋ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል።

ዘዴው ደሞ አለ፣ ከባድም አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍላናገን በ1954 የጻፈው አንድን የተወሰነ አጋጣሚ ይዞ የመጠየቅ ዘዴ አለ፣ «ብዙ ጊዜ መረጃ ከየት ታገኛለህ» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ትቶ «በቅርቡ የግድ ማወቅ ያለብህ ነገር ገጥሞህ ነበር? የመጨረሻውን ንገረኝ» ማለት ነው። ቅድም ያነሳኋት ደርቪን ደግሞ በጊዜ መስመር ትጠይቃለች፣ መጀመሪያ ምን ሆነ፣ ከዛስ፣ እዛ ጋ ምን ጥያቄ ተፈጠረብህ፣ ምን ከለከለህ፣ ማን ረዳህ፣ መልሱን ስታገኝ ምን አደረግክበት። ጥያቄውን በጥቅሉ ስትጠይቅ ሰው የሚመልስልህ ሊባል የሚገባውን ነው፣ «ኢንተርኔት፣ ላይብረሪ፣ ሬዲዮ» ይልሃል። አጋጣሚውን ስትጠይቀው የሆነውን ይነግርሃል።

እኔ ይሄን ሰፈር ውስጥ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ለጥናት ብዬ ሳይሆን ለማወቅ ብዬ። አንድ እናት፣ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብለን፣ «እትዬ፣ በቅርቡ ማወቅ ፈልገው ያስቸገረዎት ነገር ምን ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የመታወቂያው ነገር ነዋ» ብለው ጀመሩ። ከመሀል ከተማ ወደዚህ ሲዛወሩ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ እንደሚያስፈልግ አላወቁም፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጠየቁ፣ ጎረቤቷ «ዝም ብለሽ ሂጂ ይሰጡሻል» አለቻቸው፣ ሄዱ፣ ግማሽ ቀን ተሰለፉ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ ተባሉ፣ ለምን እንደተመለሱ እንኳን መስኮቱ ላይ ያለው ሰራተኛ በደንብ አልገለጸላቸውም፣ የገለጸላቸው ሰልፉ ላይ ከኋላቸው የቆመ ወጣት ነው። ወጣቱ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ በስልኩ ላይ ጽፎ ለልጃቸው በቴሌግራም ላከላቸው። ይቺ አንድ ታሪክ ውስጥ ስንት ነገር አለ፣ የተሳሳተ ምንጭ አለ፣ ተቋም መረጃውን ይዞ አለመስጠቱ አለ፣ ሰልፍ ራሱ የመረጃ ቦታ መሆኑ አለ፣ ለእናት የመጣ መልስ በልጅ ስልክ ማለፉ አለ። አምስት መቶ መጠይቅ ብትበትን ይሄን አታገኘውም። እና ደሞ የኛ ላይብረሪ በር ላይ «መታወቂያ ለማውጣት የሚያስፈልጉ ወረቀቶች» ተብሎ አንድ ገጽ ቢለጠፍ ኖሮ እኚህ ሴትዮ ግማሽ ቀናቸውን አያጡም ነበር፣ እኛም አንድ አዲስ ተጠቃሚ እናገኝ ነበር።

የሰልፉን ነገር ካነሳሁ፣ በ1999 ካረን ፔቲግሩ (በኋላ ፊሸር በሚለው ስሟ ነው የምትታወቀው) ካናዳ ውስጥ አረጋውያን እግራቸውን ለመታከም የሚመጡበትን የሰፈር ክሊኒክ አጠናች፣ ሰዎቹ የመጡት ለእግራቸው ነው፣ ግን ተራ ሲጠብቁና ነርሷ ስታክማቸው በሚያወሩት ወሬ ውስጥ ስለ እርዳታ ስለ ቤት ስለ መድኃኒት ስንቱን ይለዋወጣሉ። ለሌላ ጉዳይ ተሰብስቦ መረጃ የሚገኝበት ቦታ ብላ ሀሳቡን አሰፋችው። አዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ የታክሲ ሰልፍ አለን፣ እድር አለን፣ ቡና አለን፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ መውረድ አለ። የሚገርመኝ እኛ ይሄ ሁሉ እያለን ስለሱ የተጻፈ ቴሲስ ማየቴን አለማስታወሴ ነው።

ስለ ኤልፍሪዳ ቻትማን ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። እሷ ያጠናችው ማንም የማያጠናቸውን ሰዎች ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያጸዱ ሰራተኞችን፣ በመጦሪያ የሚኖሩ አሮጊቶችን፣ እስር ቤት ያሉ ሴቶችን። በ1996 በጻፈችው ላይ የመረጃ ድህነት ማለት መረጃ አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ አሳየች፣ ሰዎች ችግራቸውን ራሱ ይደብቃሉ፣ ምክንያቱም መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል፣ ያሳፍራል፣ ወሬ ይሆናል፣ ለማያምኑት ሰው መጋለጥ ነው። ይሄን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የብሎክ ጥበቃው ጋሼ ናቸው፣ ማስታወቂያ ሲለጠፍ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ ምን ይላል?» ይሉኛል፣ ሁሌ ነው መነጽራቸው የሚረሳው፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ጋ የራሳችሁን መጠይቅ ይዛችሁ ብትሄዱ «ጊዜ የለኝም» ነው የሚሏችሁ። እናንተም «ፈቃደኛ ያልሆነ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቻትማን ግን ከሰዎቹ ጋር ረዥም ጊዜ አሳልፋ ነው ያወቀቻቸው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይደለም።

በር ላይ ስለሚመለሱትም አንድ ነገር ልበል። በ1986 ኮንስታንስ ሜለን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ላይብረሪ ፍለጋቸው በየጊዜው የጻፉትን ማስታወሻ ሰብስባ አነበበች፣ ከ75 እስከ 85 ፐርሰንቱ የመጀመሪያ ስሜታቸውን የገለጹት በፍርሃት ነበር፣ ትልቅ ነው ጠፋሁ፣ ከየት ልጀምር፣ አለማወቄ ይታወቅብኛል። እነዛ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገቡ ናቸው። እኛ ጋ ደሞ መጀመሪያ ፍተሻ፣ ከዛ ቦርሳ አስቀምጥ፣ ከዛ መታወቂያ አስይዝ፣ መታወቂያ የሌለው የ14 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? መደርደሪያው ጋ ራስህ ገብተህ መንካት በማይቻልበት ቦታ ደሞ የመጽሐፉን ስም አውቀህ መጠየቅ አለብህ። ይሄን ሁሉ ደንብ መጠይቅ ላይ «የላይብረሪው ህጎች ግልጽ ናቸው» በምትል አንድ መስመር መለካት አይቻልም። ሁለት ሰዓት በር አካባቢ ቁጭ ብሎ ማን ገባ ማን ተመለሰ የሚለውን መመልከት ይሻላል፣ ምልከታ የሚባለው ዘዴ እኮ ይሄ ነው፣ ብር አይጠይቅም።

ለ12ኛ ክፍል ልጆች የካሮል ኩልታው ስራ ነው የሚጠቅመው። እሷ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን የነበረች ሴት ናት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከታትላ የፍለጋ ሂደት ስሜት ጭምር እንዳለው አሳየች፣ ልጁ ርዕስ ሲመርጥ ደስ ይለዋል፣ ማንበብ ሲጀምር ደሞ ምንጮቹ አይስማሙም፣ ግራ ይጋባል፣ መተማመኑ ይወርዳል፣ ብዙው የሚያቋርጠውም እዛ ላይ ነው። ላይብረሪያኑ መድረስ ያለበት እዛች ሰዓት ላይ ነው። እኛ ጋ ይሄን በደንብ የሚያጠና ሰው ቢመጣ፣ ልጆቹን ከመስከረም እስከ ፈተናው ድረስ እየተመላለሰ ቢያናግራቸው፣ መቼ እንደሚወድቁ እናውቅ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲም አለ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ አንትሮፖሎጂስት ቀጥረው ለተማሪዎች ካሜራ ሰጥተው የምታጠኑበትን ቦታ፣ ይዛችሁ የምትዞሩትን ነገር ሁሉ አንሱ አሏቸው፣ የቀናቸውን ካርታ አስሳሏቸው፣ ከዛ ፎቶውን ይዘው አወሩ። ዛሬ ካሜራ መግዛት እንኳን አያስፈልግም፣ ሁሉም ልጅ ስልክ አለው ባይባልም ብዙው አለው።

አሁን ፋሽን ስለሆኑት የጥናት ዘዴዎች ብዙ አልልም። የሰርቨር ሎግ ትንተና አለ፣ ማን ምን ፈለገ ምን አወረደ የሚለውን ሳይጠይቁ ማየት ነው፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ላይ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ግን ፍለጋው የሚካሄደው በእኛ ሲስተም ሳይሆን ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ሎጉ እጃችን ላይ የለም። ቃለ መጠይቅንና መጠይቅን ማዋሃድ፣ ማለትም መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ከሰዎቹ አፍ የወጣውን ይዞ መጠይቅ መቅረጽ፣ እሱ የተሻለ ይመስለኛል፣ አድቫይዘሮችም ብዙ አይከራከሩበትም። ልጆቹ ኤአይ ጠይቀው የሚመልስላቸውን እንዴት እንደሚያምኑና እንደሚያጣሩ ማጥናትም አሁን ዓለም ሁሉ የያዘው ነው፣ እዚህም ልጆች በአማርኛ እየጠየቁት አያለሁ፣ ለሚፈልግ ሰው ሰፊ ሜዳ ነው።

አንድ በጣም የምለምናችሁ ነገር ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ ለ9ኛ ክፍል ልጅ አትስጡ። አማርኛውንም ከመጽሐፍ የተገለበጠ አታድርጉት፣ «የመረጃ ፍለጋ ባህሪይ» ሲባል ልጁ ስለ ጠባዩ የተጠየቀ ይመስለዋል። ከአቃቂና ከገላን በኩል የሚመጡ ልጆች ደሞ በአፋን ኦሮሞ ቢጠየቁ የሚናገሩት ሌላ ነው፣ የማይችል አጥኚ የሚችል ጓደኛ ይዞ ይምጣ። ፈቃድም መጀመሪያ ጠይቁ፣ ልጅ ከሆነ ወላጁን፣ የሚያስፈርም ወረቀት የሚያስፈራው ሰው ካለ በቃል ይበቃል፣ ብቻ «አይ» ማለት እንደሚችል ንገሩት። ስሙንም አትጻፉ።

ለመጪው ዓመት ፕሮፖዛል የምትጽፉ ካላችሁ እኔ ጋ የሚሰሩ ርዕሶች አሉ፦ ለወንበር የሚመጣው አንባቢ፣ ከመሀል ከተማ ተዛውረው የመጡ እናቶች የወረዳ ጉዳይ እንዴት እንደሚያውቁ፣ የጥበቃና የጽዳት ሰራተኞች ስለ ጤናቸው ማንን እንደሚያምኑ፣ በር ላይ የሚመለሱ ልጆች። ከነዚህ አንዱን ይዞ ለሚመጣ በሩ ጋ ወንበር አወጣለታለሁ፣ የማውቃቸውን ሰዎችም አስተዋውቀዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚያልፉት ያኔ ነው፣ ትንሽ ቆም ብለው ለማውራትም ጊዜ አላቸው።